ጎንደር ፈልጌ ጎባ ለምን መጣ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱን አንድ ላይ አምጥቻቸዋለሁ። ሦስቱም ዳታ ከሰርቨር ስለማምጣትና ገጽ ላይ ስለማሳየት ናቸው። ለመጨረሻው ጠያቂ መጀመሪያ የተሰጣቸው መልስ «ኔትወርኩ ነው» የሚል ነበር። ኔትወርካችን ብዙ ኃጢአት አለበት፤ የእኛን ሲጨምሩበት ግን ያሳዝነኛል። የኮዱን ስሞች እርስ በርሳችን በአፍ እንደምንጠራቸው ነው የምጽፋቸው።

ጥያቄ፦ «የእቃ መላኪያ ድርጅት ገጽ ሪአክት በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ እየሠራሁ ነው። ደንበኛው እቃ የሚልክበትን ከተማ መጻፍ ሲጀምር ከሥር ከተሞች ከነዋጋቸው ይዘረዘራሉ። ቢሮ ውስጥ ምንም እንከን የለውም። ባለፈው ሳምንት አለቃዬ መኪና ውስጥ ሆኖ በስልክ ዳታ ሞከረው። ‹ጎንደር› ብሎ ጻፈ፣ ጎንደር ብቻውን መጣ። ጣቱን ሊያሳርፍ ሲል ዝርዝሩ ተቀየረና ጎባ ከላይ ሆነ፣ ጎሬና ጎዴም ተከተሉ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ግን አሁንም ‹ጎንደር› ነው። በጎባ ዋጋ ተቆረጠለት። ሰርቨሩን የሚሠራው ጓደኛዬ ‹እኔ የተጠየቅሁትን መልሻለሁ› ብሎ ተገላገለ። እህታችን፣ ጥፋቱ የማን ነው? ዲባውንስ ባደርግበት፣ ማለትም ሰውየው መጻፉን እስኪያቆም ባስጠብቀው፣ ይድናል?» — ከሐዋሳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኛህ እውነቱን ነው። ጥፋቱ ያንተ ነው፤ አትዘን፣ ሁላችንም አንድ ቀን እዚህ ቦታ ቆመናል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንቁጠር። እኔ ላፕቶፕ ላይ በድምፅ በሚጽፍ ኪቦርድ «ጎንደር» ስል ሳጥኑ ውስጥ የሚታየው በተራ ይህ ነው፦ ግ፣ ጎ፣ ጎን፣ ጎንድ፣ ጎንደ፣ ጎንደር። ሳጥኑ 6 ጊዜ ተለወጠ፣ ስለዚህ 6 ጥያቄ ወደ ሰርቨር ሄደ። የፊደላችን ጣጣ ደግሞ እዚህ ላይ ይመጣል። በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው መንገድ ላይ የሚጥላቸው ቁርጥራጮች ቢያንስ የቃሉ መጀመሪያዎች ናቸው። «ግ» ግን የጎንደር መጀመሪያ አይደለም! ተጠቃሚው ያላሰበው ፊደል ነው፤ ሰርቨርህም ታምኖ ግንደበረትን ፈልጎ ያመጣልሃል። «ጎንድ»ም እንዲሁ፣ በዚያ የሚጀምር ከተማ ባይኖርም ሰርቨሩ ዝርዝሩን አገላብጦ ባዶ እጁን ይመለሳል።

አሁን 6ቱ መልሶች በምን ተራ ይመለሳሉ? ልጅ ሱቅ እንደመላክ ነው። አንዱን ስኳር ግዛ ብለህ ላክኸው፤ ሐሳብህን ቀየርህና ሌላውን ጨው ብለህ ላክኸው። ሁለተኛው የሄደው ሁለተኛ ይመጣል ያለ የለም። ባንተ ገጽ ላይ «ጎ» የሚለው ጥያቄ የሚመልሰው ብዙ ከተማ ነው። ሰርቨሩ ሲሰበስብ ይቆያል፣ መልሱም ከባድ ነው። «ጎንደር» አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ ሮጦ ይደርሳል። ቢሮ ውስጥ የሁለቱ ልዩነት ዓይን አይይዘውም፤ በስልክ ዳታ ላይ ግን ሰፍቶ ይታያል። ኮድህ ደግሞ የመጣለትን መልስ ሁሉ «የማን ነህ?» ሳይል ስቴቱ ላይ (ገጹ የሚያሳየው ዳታ የሚቀመጥበት ቦታ) ይጽፋል። ስለዚህ መጨረሻ የደረሰው አሸነፈ፤ መጨረሻ የተጠየቀው ግን እሱ አልነበረም።

ዲባውንስን በተመለከተ፦ አድርገው፣ ግን አዳነኝ ብለህ እንዳትተኛ። ተጠቃሚው 300 ሚሊሰከንድ ያህል እጁን እስኪያሳርፍ መጠበቅ «ግ»ን እና «ጎንድ»ን ያስቀርልሃል፣ የሰርቨሩም ወጪ ይቀንሳል። ነገር ግን ሰውየው «ጎ» ብሎ ትንሽ ቢያስብና ቢቀጥል ሁለት ጥያቄ ይወጣል፣ ሁለቱም ይሽቀዳደማሉ። ችግሩ በየቀኑ መታየቱን ትቶ በወር አንዴ ብቅ ይላል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ደግሞ ይብሳል፤ አለቃህ ያየዋል፣ አንተ ልታየው አትችልም።

መድኃኒቱ ዩዝኢፌክት (ሪአክት እንደ ዳታ ማምጣት ያለውን ሥራ የሚያስኬድበት ክፍል) ውስጥ ያለችው የክሊንአፕ፣ የማጽጃ፣ ፋንክሽን ናት። ኢፌክቱ ሲጀምር «ኢግኖር» የሚባል ተለዋዋጭ ትፈጥርና ፎልስ (ሐሰት) ትለዋለህ። ፌች፣ ማለትም ዳታውን ከሰርቨር የሚያመጣው ትእዛዝ፣ መልስ ይዞ ሲመጣ፣ ስቴቱን ከመንካትህ በፊት ኢግኖርን ታያለህ፤ ትሩ (እውነት) ከሆነ መልሱን ትጥለዋለህ። ከኢፌክቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ ኢግኖርን ትሩ የምታደርግ ፋንክሽን ሪተርን ታደርጋለህ። የፍለጋው ቃል በተለወጠ ቁጥር ሪአክት አዲሱን ኢፌክት ከማስኬዱ በፊት የድሮውን ክሊንአፕ ይጠራል። ያኔ የ«ጎ» መልስ ሲደርስ በሩ ተዘግቶበታል። 4 መስመር ነው፣ ከዚያ አይበልጥም።

አንድ ደረጃ ከፍ ልበል ካልህ የተላከን ጥያቄ የሚያቋርጥ አቦርት ኮንትሮለር አለልህ። ሲግናሉን ለፌች ትሰጠዋለህ፣ ክሊንአፑ ላይ አቦርት ትለዋለህ፤ ብራውዘሩም መልሱን መጠበቁን ይተዋል፣ የተጠቃሚው ዳታም ይተርፋል። ሁለት ነገር ልብ በል። ሲቋረጥ ፌች አቦርት ኤረር ይወረውራል፤ ካች (ስሕተት የሚያዝበት ክፍል) ውስጥ ለይተህ ካልዋጥኸው ተጠቃሚው በየፊደሉ ቀይ ጽሑፍ ያያል። ሁለተኛው ከባድ ነው፦ አቦርት ማለት ከበር ላይ ሆነህ ልጁን «ተመለስ!» ብለህ መጣራት ነው። ልጁ ገንዘቡን ከፍሎ ሊሆን ይችላል። ለፍለጋ ምንም አይደለም። ትእዛዝ ለሚቆርጥ ወይም ክፍያ ለሚፈጽም ጥያቄ ግን «አቦርት አድርጌዋለሁ፣ አልተከፈለም» ብለህ ለደንበኛ እንዳትምል፤ ሰርቨሩ ሥራውን ጨርሶት ይሆናል።

ስለ ራስህ ከተማም ላንሳ፣ የገባኸው ሥራ ነውና። ደንበኞችህ ሀዋሳ፣ ሐዋሳ፣ አዋሳ እያሉ ይጽፋሉ፤ ሁሉም ትክክል ነን ይላሉ። ጥያቄው ከመሄዱ በፊት ሀ፣ ሐ፣ ኀን ወደ አንድ፣ ሰ እና ሠን ወደ አንድ፣ አ እና ዐን ወደ አንድ፣ ጸ እና ፀን ወደ አንድ አምጣቸው፤ ሰርቨሩም ላይ እንዲሁ ይደረግ። «አዋሳ» በዚህ አይፈታም፣ እንደ ተለዋጭ ስም ሰርቨሩ ላይ መመዝገብ አለበት። ይህን ሳታደርግ መልሶችን ካሽ ብታደርግ (ለኋላ ብታስቀምጥ) አንዱን ከተማ ሦስት ቦታ ታስቀምጠዋለህ።

«ላይብረሪ ልጠቀም?» ብለህ እንደምትጽፍልኝ አውቃለሁ። ታንስታክ ኵዌሪ ወይም ኤስደብሊውአር የሚባሉት ዳታ አምጪ ላይብረሪዎች ይህን ሁሉ ይሸከሙልሃል፤ እኔም ሥራ ላይ የምጠቀመው የመጀመሪያውን ነው። ግን አንዴ በእጅህ ጻፈው። በእጁ ያልጻፈ ሰው ታንስታክ ኵዌሪ ያልተሳካን ጥያቄ ካልከለከሉት 3 ጊዜ እንደሚደግም አያውቅም፤ ከዚያ «የስሕተቱ መልእክት ለምን ዘግይቶ ይመጣል?» እያለ ሌሊቱን ሲያድር አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ «አዲስ ነኝ። ኢፌክቴ አንዴ ብቻ ይሂድ ብዬ ባዶ ዲፔንደንሲ አሬይ ሰጥቼዋለሁ፣ ፌቹ ግን ሁለት ጊዜ ይሄዳል። ኮንሶሌ ላይ ሁሉም ነገር ጥንድ ጥንድ ነው። አንድ ልጅ ስትሪክት ሞድን አጥፊው አለኝ። ላጥፋው?» — ከባሕር ዳር

መልስ፦ አታጥፊው። ከሪአክት 18 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከማርች 2022 ወዲህ፣ ስትሪክት ሞድ ገና በመሠራት ላይ ባለ ኮድ እያንዳንዱን ኮምፖነንት (የገጽ ክፍል) ያስገባዋል፣ ያስወጣዋል፣ መልሶ ያስገባዋል። ክሊንአፕ መርሳትሽን ሊያጋልጥ ነው። ለሕዝብ በሚወጣው ቢልድ ላይ ይህ አይደረግም። ከላይ ለሐዋሳው ልጅ የነገርኩትን ጻፊበት። ፌቹ ያኔም ሁለት ጊዜ ይሄዳል፣ የመጀመሪያው መልስ ግን ይጣላል፤ ጉዳት የለውም። ስትሪክት ሞድን አጥፊ ያለሽ ልጅ፣ መኪናው ሲያቃስት የሬዲዮውን ድምፅ የሚጨምር ዓይነት ሰው ነው።

ጥያቄ፦ «የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነኝ፤ ኮድ አላውቅም። ወላጆች የልጆቻቸውን ውጤት የሚያዩበት ገጽ አሠርተን ነበር። ወላጅ ሲገባ መጀመሪያ ‹ምንም ውጤት አልተገኘም› ይላል፤ ከሦስትና ከአራት ሰከንድ በኋላ ውጤቱ ይመጣል። ብዙዎቹ ያን ያህል አይጠብቁም፣ ይደውሉልናል። የባሰው ደግሞ አንዳንድ ቀን እንደዚያው ይቀራል፣ ውጤቱ ተሞልቶ ሳለ። የሠራልን ባለሙያ ኔትወርክ ነው ይለኛል። እውነት ነው?» — ከደሴ

መልስ፦ ጋሼ፣ መዘግየቱ የኔትወርክ ሊሆን ይችላል። «አልተገኘም» የሚለው ቃል ግን የባለሙያዎ ነው። ገና ሳይፈልግ አላገኘሁም ማለት ውሸት ነው።

ይህን በድፍረት የምናገረው እኔም ስለዋሸሁ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የቁጠባ ማኅበር የአባላት ገጽ ሠርቼ ነበር። ቀሪ ሂሳቡን የሚይዘውን ስቴት በ0 ጀመርኩት፤ ቁጥር አይደል፣ በቁጥር ይጀምር ብዬ። በእኔ ላፕቶፕ ላይ ዜሮው ብልጭ እንኳ አይልም ነበር። በምረቃው ቀን አዳራሹ ውስጥ ሰው ሞልቶ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገቡ። ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንዲት እናት የልጅ ልጃቸው ስልኩን ከፈተላቸው፤ «ቀሪ ሂሳብዎ፦ 0 ብር» ይላል። ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አደረጉና ተነሡ። «አንድ ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩት የት ሄደ?» ቁጥሩ ሲመጣ እሳቸው ስልኩን አያዩም፣ ሰዉ ሁሉ የሚያየው እሳቸውን ነው። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። «ኔትወርክ ነው» አልኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ዜሮውን በነል (ገና ዋጋ የለውም ማለት ነው) ተካሁት፤ ነል ሲሆን «ሂሳብዎ እየመጣ ነው» ይላል። ማስተካከሉ አምስት ደቂቃም አልፈጀብኝ።

የእርስዎም ገጽ እንዲሁ ነው የተሠራው፤ የውጤቱ ዝርዝር በባዶ ይጀምራል፣ ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ «አልተገኘም» በል ተብሏል። ገጹ ግን ማወቅ ያለበት አራት ሁኔታ ነው፦ ገና አልመጣም፣ መጥቷል፣ መጥቷል ግን ባዶ ነው፣ ማምጣት አልተቻለም። ባለሙያዎ አንደኛውንና ሦስተኛውን አንድ አድርጎባቸዋል።

እንደዚያው የሚቀርበትን ቀን ደግሞ አራተኛው ነው የሚያስረዳው። የሚከተለውን ለባለሙያው ያንብቡለት። ፌች ስሕተት የሚወረውረው ሰርቨሩ ጋ መድረስ ሲያቅተው እንጂ ሰርቨሩ 404 (የለም) ወይም 500 (እኔ ጋ ተበላሽቷል) ብሎ ሲመልስ አይደለም፤ እነዚያን እንደ ደኅና መልስ ይቀበላቸዋል። ስለዚህ ሪስፖንሱን ጄሰን ከማድረግህ በፊት የሪስፖንሱን ኦኬ እይ፤ ከ200 እስከ 299 ካልሆነ ፎልስ ነው፣ ራስህ ስሕተት ወርውር። አንተ ይህን ሳታይ ከተበላሸው መልስ ውስጥ ውጤቶችን ትፈልጋለህ፣ የሉም፣ «ከሌለ ባዶ ዝርዝር ውሰድ» ብለሃል፣ ባዶው ዝርዝር «አልተገኘም» ይላል። የሰርቨሩ ውድቀት በወላጅ ዓይን የልጁ ውጤት መጥፋት ሆነ።

ስለ ሦስትና አራት ሰከንዱም ልጠርጥር። ምናልባት ገጹ መጀመሪያ ወላጁን ያመጣል፤ እሱ ሲደርስ የልጆቹ ኮምፖነንት ይከፈትና ልጆቹን ይጠይቃል፤ እነሱ ሲደርሱ የውጤቱ ኮምፖነንት ይከፈታል፤ ከዚያ የመምህሩ አስተያየት። እያንዳንዱ ጉዞ አንድ ሰከንድ ቢፈጅ አራት ሰከንድ ሞላ። ልጆቹ ከታወቁ በኋላ ውጤቱና አስተያየቱ እኩል መሄድ ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። ግን ፕሮሚስ ኦል ሳይሆን ፕሮሚስ ኦልሴትልድ ተጠቀም፤ አለዚያ የመምህሩ አስተያየት ስላልመጣ ብቻ ውጤቱም ይቀራል። ንባቡ እዚህ ላይ ይብቃው።

የአጠቃቀም ምቾት ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ያስቀመጣቸው የመጠበቂያ ገደቦች ዛሬም ይጠቀሳሉ፦ እስከ 0.1 ሰከንድ ሰው ወዲያው ሆነ ይላል፣ እስከ 1 ሰከንድ ሐሳቡ አይቋረጥም፣ ከ10 ሰከንድ በኋላ ልቡ ወደ ሌላ ይሄዳል። የእርስዎ ወላጆች መሀሉ ላይ ናቸው። እዚያ ያለ ሰው «ውጤቱ እየመጣ ነው» የሚል ቃል ካየ ይጠብቃል፤ የሚያስደውለው «አልተገኘም» ነው።

ባለሙያውን ሲጠሩት ይህን ያስደርጉት። ከፊትዎ ተቀምጦ ብራውዘሩ ውስጥ የኔትወርክ ገጹን ይክፈትና ፍጥነቱን ዝቅ ያድርግ፤ ሲጠብቁ የሚታየውን ያንብቡ። ቀጥሎ ገና ውጤት ያልተሞላለትን አንድ ተማሪ ይክፈት። ቀጥሎ ኦፍላይን ያድርገውና ገጹ ምን እንደሚል፣ «እንደገና ሞክር» የሚል ቁልፍም እንዳለው ይዩ። በመጨረሻም ሰርቨሩ ሆን ብሎ 500 እንዲመልስ ያድርግ። በአራቱም ጊዜ የሚያነቡት ቃል ያው አንዱ ከሆነ፣ የቀረውን ክፍያ ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት።