«ጥድ» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ

ሐዋሳ ሆና ለሁለተኛ ዲግሪዋ ጥናት የምትዘጋጅ አንዲት ወጣት በቅርቡ ደውላ፣ «ጋሼ፣ የዛፎቹን ስም ሽማግሌዎቹ የነገሩኝን ብቻ ወደ መረጃ ቋቱ ባስገባ ምን ችግር አለው? ሳይንሳዊውን ስም በኋላ ቢሮ ቁጭ ብዬ እሞላዋለሁ» ስትል ጠየቀችኝ። በስልክ የሰጠኋት መልስ አጭር ነበር። ጥያቄዋ ግን አንድ የቆየ ቁጭት ስለቀሰቀሰብኝ፣ ለእርሷም በተመሳሳይ ሥራ ላይ ላላችሁ እኩዮቿም ዘርዘር አድርጌ ለመጻፍ ተገደድኩ።

በወጣትነቴ ከሐዋሳ ብዙም በማይርቁት የሻሸመኔና የሙነሳ ደኖች የዛፍ ቆጠራ ከሚያካሂድ ቡድን ጋር ሠርቻለሁ። አንዱ የግንዱን ውፍረት ይለካል፣ አንዱ ቅጹን ይሞላል፣ ከአካባቢው የተቀጠረው መንገድ መሪ ደግሞ የዛፉን ስም ይጠራል። መንገድ መሪው በየቀበሌው ስለሚቀየር ስሙም አብሮት ይቀየር ነበር። አማርኛ ተናጋሪው «ዝግባ» ያለውን ኦሮምኛ ተናጋሪው «ብርብርሳ»፣ ሲዳምኛ ተናጋሪው «ዳጉቾ» ይለዋል፤ ሦስቱም የሚጠሩት ያንኑ አንድ ዛፍ፣ ያን ጊዜ ፖዶካርፐስ ፋልካተስ እንለው የነበረውንና ዛሬ አፍሮካርፐስ ፋልካተስ የሚባለውን ነው። ቅጹ ግን «የአካባቢ ስም» የሚል አንድ ጠባብ ሳጥን ብቻ ነበረው፤ ስሙ በየትኛው ቋንቋ እንደተነገረ የሚጻፍበት ቦታ አልተዘጋጀለትም።

አንድ ቀን የተፈጥሮው ደን አብቅቶ የተተከለው ደን ከሚጀምርበት ጠርዝ ስንደርስ፣ መንገድ የሚመሩን አዛውንት ቆም አሉና ከሁለት ዛፎች የለቀሙትን ፍሬ መዳፋቸው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠው አሳዩን። አንደኛው ከሽምብራ የማይበልጥ፣ ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚያደላ፣ በጣት ሲጫኑት የሚፈርጥ ነበር። ሌላው ደረቅና ጠንካራ ሆኖ በየክፍሉ የተሰነጣጠቀ፣ በእያንዳንዱ ክፍል ጀርባ ላይም ትንሽ ሹል ነገር ያለው ነበር። «ይኸኛው የሐበሻ ጥድ ነው፤ ያኛው የፈረንጅ ጥድ» አሉን። የመጀመሪያው ጁኒፔረስ ፕሮሴራ፣ የደጋችን አገር በቀል ዛፍ ነው። ሁለተኛው ኩፕሬሰስ ሉሲታኒካ ሲሆን መነሻው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ቅጹን የያዘው ባልደረባችን አዛውንቱን በጥሞና አዳመጣቸው፤ ሳጥኑ ስለጠበበውና ጊዜውም ስለመሸ ግን ለሁለቱም «ጥድ» ብሎ አለፈ። እኔ ሜትሩን ይዤ ግንዱ ሥር ነበርኩ።

ዓመታት ቆይተው ቅጾቹ ወደ ኮምፒዩተር ሲገቡ ዝግባ፣ ብርብርሳና ዳጉቾ ሦስት የተለያዩ ዛፎች ሆነው ተመዘገቡ፤ ሁለቱ ጥዶች ግን አንድ ሆኑ። መረጃውን እንዲያጠራ የታዘዘው ሰው ደግሞ «ጥድ» የሚለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጁኒፔረስ ፕሮሴራ አደረገው። ሰው በመደዳ የተከለው የፈረንጅ ጥድ በሰነዱ ላይ አገር በቀል ደን ሆኖ ቁጭ አለ። ነገሩ ሲነቃበት ወረቀቶቹን ማመሳከር አልተቻለም፤ መሥሪያ ቤቱ ሕንጻ ሲቀይር «ኮምፒዩተር ውስጥ ገብተዋል» ተብለው ተጥለዋል። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ፣ አዛውንቱ በትክክል ለይተው የነገሩን ነገር የጠፋው ተማርን በምንለው በእኛ እጅ መሆኑ ነው።

የዛሬ ልጆች ሁሉን ነገር ለስልክ ትታችኋል እያልኩ አጉረመርማለሁ። ከመኪና ሳይወርዱ የዛፉን አናት ፎቶ አንስተው ስልኩ ያቀረበላቸውን የመጀመሪያ ስም የሚቀበሉ አይቻለሁ። አሞራ ገደል ዓሣ ልበላ በሄድኩበት ቀን አንድ ወጣት ሐይቁ ዳር ካሉት ትልልቅ ዛፎች አንዱን «ሾላ» ብሎ ሲመዘግብ፣ የትኛው ሾላ እንደሆነ ብጠይቀው ግር አለው፤ በብዙ ቦታ ፋይከስ ሱርም ፋይከስ ሲኮሞረስም ሾላ ይባላሉ። ይህን እያልኩ ግን ስልክን መውቀሴ ብዙም አያስኬደኝም። ያን ጊዜ ቦታና ሰዓት የሚመዘግብ ስልክ በኪሳችን ቢኖርና የአዛውንቱን መዳፍ አንድ ጊዜ ፎቶ ብናነሳው ኖሮ፣ የተበላሸውን ሰነድ በግማሽ ቀን ባስተካከልነው ነበር።

ናሙና እንዴት እንደሚሰበሰብና እንደሚደርቅ መምህሮቻችሁ ስለሚያስተምሯችሁ አልደግመውም። እኔ የምጠይቃችሁ የሰማችሁትን ስም እንደሰማችሁት፣ ቅጽሉን ሳትቆርጡ እንድትጽፉት ነው፤ ነጭ ባሕር ዛፍና ቀይ ባሕር ዛፍ ሁለት ዝርያዎች ናቸው፣ «ባሕር ዛፍ» ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው ደግሞ የትኛውን እንዳየ ከቢሮ ሆኖ ሊያውቅለት የሚችል የለም። ከስሙ አጠገብ ቋንቋውና ቀበሌው ይግባ። ሳይንሳዊው ስም በሌላ ዓምድ፣ ማን፣ መቼና በምን ማስረጃ እንደለየው ተጠቅሶ ይጻፍ፤ የመጀመሪያውን ዓምድ ግን መረጃ የሚያጠራው ሰው ጭምር አይንካው።

ሳይንሳዊ ስም አይለወጥም ያላችሁ ካለ አትመኑት። በ2005 እ.ኤ.አ. ቪየና በተካሄደው የዕፀዋት ተመራማሪዎች ጉባኤ አካሲያ የሚለው ስም ለአውስትራሊያዎቹ ዛፎች እንዲሆን ተወሰነ፤ ይኸው በ2011 ሜልቦርን ላይ ጸና፤ የእኛዎቹ ግራሮችም በአብዛኛው ቫቼሊያና ሴኔጋሊያ ወደሚባሉት ወገኖች ተዛወሩ። እኔ አሁንም አካሲያ እላለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ምላሴን ማረም ይከብደኛል። ሆኖም የዚያ ለውጥ ዱካ በጽሑፍ ስላለ የድሮውን ስም ከአዲሱ ማገናኘት ይቻላል፤ ቅጽ ላይ ብቻውን የቀረ «ግራር» ግን የሚያገናኘው ክር የለውም። በሌላ በኩል የአካባቢ ስም ሁልጊዜ ደብዛዛ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። ብዙ አማርኛ ተናጋሪ በጅምላ ግራር የሚለውን፣ የስምጥ ሸለቆው ኦሮምኛ ተናጋሪ ገበሬ አንዱን ለይቶ «ገርቢ» ይለዋል፤ ይኸውም ፋይደርቢያ አልቢዳ ነው። በክረምት ቅጠሉን ስለሚያራግፍ ሥሩ የተዘራው እህል ብርሃን አያጣም። እንዲህ ያለውን ስም «ግራር» ብሎ ተርጉሞ ማስገባት ገበሬው የሰጣችሁን መጣል ነው።

የፊደሉን ነገር ጠቅሼ ላብቃ። ጥድን አንዱ በጠ፣ ሌላው በጸ፣ ሌላው በፀ ይጽፈዋል፤ ኮምፒዩተሩ ሦስት ቃል አድርጎ ያያቸዋል። የኦሮምኛና የሲዳምኛ ስሞች ደግሞ በላቲን ፊደላቸው ቢገቡ ይሻላል፤ ወደ ግእዝ ፊደል ሲገለበጡ የሚጠብቀውና የሚረዝመው ድምፅ ይጠፋል። የተለያዩትን አጻጻፎች በአንድ መለያ ቁጥር ሥር ማገናኘት የቋቱ ሠሪ ሥራ ነው፤ እናንተ ሜዳ ላይ ሆናችሁ አንዱን አጻጻፍ በሌላው ለማረም አትድከሙ።