አንጓው የደረቀው የፕላስቲክ እጅ

ጥያቄ፦ ልጄ 7 ዓመቷ ነው። ግራ እጇ ሲፈጠር ጀምሮ ጣት የለውም፤ አንጓዋ ግን ይታጠፋል። በስሪዲ ፕሪንተር (ፕላስቲክ እያቀለጠ በመደራረብ ዕቃ በሚሠራ ማሽን) የታተመ እጅ አግኝተንላት ነበር። አንጓው ደረቅ ነው፣ ቆዳዋንም ላጠው። አሁን አላደርግም ብላ አስቸገረችኝ።
እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ልጅቷ እውነቷን ነው፣ አታስገድጃት።

ይህ እጅ ሞተር የለውም። አንጓዋን ወደ ታች ስታጥፍ ክሮቹ ይሳቡና ጣቶቹ ይጨበጣሉ። ስታቃና ላስቲኩ ይከፍታቸዋል። እና አንጓው ከደረቀ እጁ ጌጥ ነው።

እኔም ደሴ ላይ ለአንድ ልጅ ስሠራ ጉድ ሆኛለሁ። ጠበበው ብዬ ሙሉውን አሳድጌ አተምኩት። ባሰበት! ለካ ችግሩ የማጠፊያው ብሎን ነበር፤ ከልጁ አንጓ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ክንዱ ገብቷል። ማጠፊያው ያለቦታው የተመታ በር አይተሻል? ልክ እንደዚያ።

አንጓዋ ላይ ጎላ ያለችውን አጥንት በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊባት። እጁን ስታጠልቀው ብሎኑ ከምልክቱ ትይዩ ካልሆነ፣ ያተመው ሰው የክንዱን ክፍል ብቻ ቀዳዳውን አዛውሮ ያትመው። ንድፎቹ ብዙዎቹ በነጻ የሚገኙ ናቸው፣ ማስተካከል ይቻላል። ብሎኑ ከልክ በላይ አይጥበቅ። ውስጡ ስስ ስፖንጅ ይለጠፍ።

ፕላስቲኩ ፒኤልኤ የሚባለው ዓይነት ከሆነ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። በኮምቦልቻ ፀሐይ መኪና ውስጥ እንዳትተዪው።

ቁስሏ እስኪድን ይቀመጥ። ከዚያ በባዶ ኩባያ ሞክሪያት። ጀሪካን አይታሰብም።