«አራት ዓመት ተምሬ ፍሪጅ ልጠብቅ?»

የሱሉልታዋ ጠያቂያችን በሜዲካል ላቦራቶሪ ተመርቃ ስምንት ወር ቤት ተቀምጣለች። አሁን ከከተማው ወጣ ያለ አንድ ላቦራቶሪ የናሙና ማስቀመጫ ክፍል ሥራ ሰጥቷታል። ደሞዙ ደህና ነው፤ ቅር ያላት «ፍሪጅ ጠባቂ» መባሉ ነው።

ጠብቂው እህቴ። ግን ምን እንደምትጠብቂ ልንገርሽ።

ሱሉልታ ካደግሽ፣ ላም ሊያዳቅል የመጣ ባለሙያ ክዳኑን ሲያነሳው ነጭ ጉም የሚተፋ ዕቃ አይተሽ ይሆናል። ውስጡ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ። ያንቺም ታንክ የእሱ ታላቅ ወንድም ነው። ሕያው ሴል እዚያ የሚገባው ዝም ብሎ አይደለም። ሴሉን ከበረዶ ጉዳት የሚከላከል ዲኤምኤስኦ የሚባል ፈሳሽ ይጨመርበታል፣ ከዚያ በደቂቃ 1 ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዘ ይወርዳል። ያለዚያ ውሃው በረዶ ሠርቶ ሴሉን ይቀድደዋል።

ከሁሉ የምፈራልሽ ግን ጽሑፉን ነው። ጀማሪ ሳለሁ ቫያሎቹ (ትንንሾቹ የናሙና ብልቃጦች) ላይ ባገኘሁት ማርከር ጻፍኩ። ከወራት በኋላ ሣጥኑን ሳወጣ ሁሉም ውርጭ ለብሰዋል። አንዱን በጓንቴ ጠረግ አደረግኩት። ውርጩ ሲነሳ ቁጥሩም አብሮ ተነሳ። ባለ 81 ቀዳዳ ሣጥን፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ደም ይዞ ተጣለ። ቅዝቃዜ የሚችል ሌብል የሚባለው ለጌጥ አይደለም። ታንኩን፣ ራኩን (የሣጥኖቹን መደርደሪያ)፣ ሣጥኑን፣ ቀዳዳውን መዝግቢ። «ያ ናሙና የት ነው?» ሲባል ሳይደናበር የሚመልስ ሰው አለርት ግቢ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምም፣ ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ተቋምም ቢገባ ሥራውን ያውቀዋል። ሲቪሽ ላይ «ፍሪጅ» ብለሽ አትጽፊ፤ «የናሙና ክምችት አያያዝ» በይ።

ከመፈረምሽ በፊት ግን ክፍሉን አሳዩኝ በያቸው። ናይትሮጅን ወደ ጋዝ ሲለወጥ 700 እጥፍ ያህል ይሰፋል፣ ኦክስጅኑን ገፍቶ ያስወጣል። ሽታ የለውም፤ ሳይታወቅሽ ትወድቂያለሽ። ግድግዳው ላይ የኦክስጅን አላርም ከሌለ፣ ብቻሽን ትገቢያለሽም ካሉሽ፣ ይቅርብሽ። የፊት መከላከያም ጠይቂ። ፈሳሹ ውስጥ የሰመጠ ቫያል ናይትሮጅን ሰርጎበት ከሆነ ሲሞቅ ሊፈነዳ ይችላል። ከፈሳሹ በላይ፣ ጉሙ ውስጥ ማስቀመጥ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ሌላው የመብራት ነገር ነው። ታንኩ በመብራት አይሠራም፣ መሙላት ብቻ ነው። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዘው ፍሪዘር ግን ጀነሬተር ይፈልጋል። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ማን ይደወልለታል? «አንቺ» ካሉሽ፣ የታክሲውንና የትርፍ ሰዓቱን ክፍያ ውሉ ላይ አስጽፊ።