«ለማንኛውም በሦስት አባዛሁት»

ልጆች፣ ስሌታችሁን ስታሳዩኝ ሁሌ የምጠይቃት ጥያቄ አለችኝ። ሴፍቲ ፋክተሩ፣ ማለትም ለጥንቃቄ ብላችሁ ሸክሙን የምታባዙበት ቁጥር፣ ለምን ሦስት ሆነ? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ለማንኛውም ብዬ ነው» ይሆናል። አልፈርድባችሁም። እኔም እንዲሁ እል ነበር።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለአንድ ሞተር መቀመጫ የሚሆን የብረት ድጋፍ ነደፍኩ። የሞተሩን ክብደት በሦስት አባዛሁ፣ ብረቱን አወፈርኩ፣ እፎይ ብዬ ተኛሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ተሰነጠቀ ተባልኩ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ብየዳው ሥር፣ ሹል አድርጌ ከተውኩት ጥግ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ተነስታ የብረቱ እኩሌታ ደርሳለች። ውስጧ ዝገት ይዟል፤ ሰንበትበት ብላለች ማለት ነው። ክብደቱማ ምንም አላደረገውም። የሰበረው ንዝረቱ ነው፤ ንዝረቱን ደግሞ ጭራሽ አላሰላሁትም። ያንን ጥግ ክብ ባደርገው ኖሮ ያን ሁሉ ብረት ባልፈጀሁ።

ሴፍቲ ፋክተር ላላወቅነው ነገር የምናስቀምጠው መጠባበቂያ ነው። ማወቅ እየቻልን ለሰነፍንበት ስናውለው ነው ጣጣው። የብሩክሊን ድልድይ ገመዶች ከሚያስፈልገው ስድስት እጥፍ እንዲችሉ ታስበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1878 አቅራቢው የማይረባ ሽቦ ሲያሾልክ መክረሙ ተደረሰበት። ዋና መሐንዲሱ ዋሽንግተን ሮብሊንግ ቢያሰላው ስድስቱ ወደ አምስት ግድም ወርዷል። ጥሩ ሽቦ አስጨመረበትና ሥራው ቀጠለ። ድልድዩ በ1883 ተከፈተ፤ ዛሬም መኪና ይመላለስበታል።

ታዲያ ሁሉን በስድስት እናባዛ? አውሮፕላን ላይ ብትሞክሩት ከመሬት አይነሳም። እዚያ የተለመደው ይገጥማል ከተባለው ትልቁ ሸክም 1.5 እጥፍ ነው። በዚህች ቁጥር መኖር የቻሉት ሸክሙን አጥንተው፣ ክንፉን ፈትነው፣ አገልግሎት ላይ እያለም ቶሎ ቶሎ ስለሚመረምሩት ነው።

ሌላው ጣጣ የተደበቀ ትርፍ፣ ማለትም እያንዳንዱ ሳይናገር የጨመረው መጠባበቂያ ነው። ሸክሙን የገመተው 20 በመቶ ጨመረ፣ ስሌቱን የሠራው 20፣ ብረቱን የመረጠውም 20። አልተነጋገሩም። ሲባዛ 73 በመቶ ግድም ይሆናል። ከዚያ ወጪ ቀንሱ ሲባል አንዱ «ትርፍ አለው» ብሎ ይቆርጣል። የማንን ትርፍ እንደቆረጠ ግን አያውቅም።

እኔ አሁን ከሴፍቲ ፋክተሯ ቁጥር አጠገብ አንድ መስመር እጽፋለሁ። «ለብረቱ ጥራት መለዋወጥ ነው፤ ንዝረት አልተካተተም።» አንዴ አንድ ጀማሪ ልጅ ይህችን አንብቦ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሚቀመጠው ኮምፕረሰር አጠገብ ነው፤ ንዝረት አለው» አለኝ። ሥዕሉ ገና ወደ ወርክሾፕ አልወረደም ነበር።