ከከፍታና ከፍጥነት ወዲያ፦ ስለ ሮለር ኮስተር ንድፍ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ሰሞኑን ስለ ሮለር ኮስተር፣ ማለትም በመዝናኛ ፓርኮች በከፍተኛ ሐዲድ ላይ ስለሚወረወረው ባቡር፣ የደረሱንን ጥያቄዎች በአንድነት ይዘን ቀርበናል። የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምኖረው አቡዳቢ ነው። እዚህ ፌራሪ ወርልድ ውስጥ ያለው ፎርሙላ ሮሳ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ከተከፈተ ቆይቷል፤ እስካሁን 300 የሚገባ ያልተሠራው ቴክኖሎጂው ስላልደረሰ ነው?
*አንባቢ፣ ከአቡዳቢ*

መልስ፦ ቴክኖሎጂው አላነሰም፤ እንቢ ያለው ሒሳቡ ነው። ፎርሙላ ሮሳ የተከፈተው በ2010 ነው። ከዚያ ወዲህ በሳዑዲ ዐረቢያ ቂዲያ የተሠራው ፋልከንስ ፍላይት የተነደፈው ለ250 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ያህል ዓመት ተለፍቶ የተጨመረው 10 ኪሎ ሜትር ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ባቡሩ የሚፈልገው ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። ከ240 ወደ 300 ሲኬድ ፍጥነቱ የሚጨምረው በ25 በመቶ ነው፤ ጉልበቱ ግን በ56 በመቶ ይጨምራል። የነፋሱ ግፊትም እንዲሁ በ56 በመቶ ያድጋል፤ ያንን ግፊት ለመቋቋም ሞተሩ የሚያወጣው ኃይል ደግሞ እጥፍ ለመሙላት ጥቂት ነው የሚቀረው። በስበት ብቻ 300 ላይ ለመድረስ ከተፈለገ፣ ሰበቃና ነፋስ ጨርሶ ባይኖሩ እንኳ 354 ሜትር ቁልቁለት ያስፈልጋል።

ከባዱ ዕዳ ያለው ግን ኩርባው ላይ ነው። ተሳፋሪው ቁልቁለቱ ግርጌ ላይ የክብደቱ 4 እጥፍ እንዲሰማው እንፈልጋለን እንበል፤ በሙያው ቋንቋ 4 ጂ ማለት ነው። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ባቡር 14 ሜትር ገደማ ሬዲየስ ይበቃዋል። በ240 ግን 151 ሜትር፣ በ300 ደግሞ 236 ሜትር ይሆናል። ፈጣን ባቡር ሰፊ መሬት ይበላል፤ ቶሎ ቶሎ መታጠፍ አይችልም። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ለተሳፋሪው የሚተርፈው ረዥም ዝርግ መንገድና ፊት የሚመታ ነፋስ ይሆናል። ፎርሙላ ሮሳ ላይ መነጽር የሚታደለውም በዚያ ፍጥነት የአሸዋ ቅንጣትና ትንኝ ዓይን ስለሚጎዱ ነው።

በኒው ጀርዚ የነበረው 139 ሜትሩ ኪንግዳ ካ በ2005 ተከፈተ፤ በ2024 ተዘግቶ በፌብሩዋሪ 2025 በፈንጂ ፈረሰ። ያ ሁሉ ብረት ቆሞ ለተሳፋሪው ይሰጥ የነበረው ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጉዞ ነው። ኦርላንዶ በሚገኘው የዩኒቨርሳል መዝናኛ ፓርክ በ2019 የተከፈተውንና የሃግሪድ ሞተር ሳይክል የተባለውን ሮለር ኮስተር ከዚህ ጋር ያስተያዩት። ፍጥነቱ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። ነገር ግን 7 ጊዜ ይወነጨፋል፣ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ሐዲዱ ራሱ ባቡሩን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። የሙያው መጪ ጊዜ በዚህ አቅጣጫ እንደሆነ በጽኑ እናምናለን።

ጥያቄ፦ ልጆቼን ይዤ ኪንግስ ዶሚኒየን መዝናኛ ፓርክ ሄጄ ነበር። 93 ሜትር ከፍታ ካለው ትልቁ ይልቅ ትዊስትድ ቲምበርስ የሚባለው አጭሩ ነው ከመቀመጫዬ ያስነሳኝ። እንዴት ሊሆን ቻለ?
*የልጆች እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ*

መልስ፦ ሁለቱም ለዚህ ዓምድ ጥሩ ትምህርት ናቸው። ትልቁ በ2010 ሲከፈት ኢንቲሚዴተር 305 ይባል ነበር። በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር ወርዶ ወዲያው ወደ አንድ ረዥም ኩርባ ይገባል። ችግሩም እዚያው ኩርባ ላይ ታየ። ጫናው ለሰከንዶች ሳይለቅ ስለሚቆይ ደም ከጭንቅላት ወደ እግር ይሸሻል፤ የብዙ ተሳፋሪዎች ዓይን ጨለመ፣ ለቅጽበት ራሱን የሳተም ነበር። ፓርኩ መጀመሪያ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ገጥሞ ፍጥነቱን ቀነሰ። ለ2011 ደግሞ የኩርባውን ሐዲድ ለውጦ ሬዲየሱን አሰፋው። 4 ጂ ለአንድ ሰከንድ ደስታ ነው፤ ያው 4 ጂ ለብዙ ሰከንድ ሲቆይ ግን ሰውነት አይችለውም። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉት የደኅንነት ደረጃዎችም የሚፈቀደውን ጫና ከሚቆይበት ጊዜ ጋር አያይዘው የሚወስኑት ለዚህ ነው።

ትዊስትድ ቲምበርስ 34 ሜትር ብቻ ነው፤ ፍጥነቱም 87 ኪሎ ሜትር። ቀድሞ ኸርለር የተባለ የእንጨት ሮለር ኮስተር ነበር። ሮኪ ማውንቴን ኮንስትራክሽን የተባለው ድርጅት ከእንጨቱ መዋቅር ብዙውን አስቀርቶ በላዩ የብረት ሐዲድ ሠራበት፤ በ2018 ተከፈተ። የተለመደው ሐዲድ የሚሠራው ቧንቧ እየታጠፈ ነው። ይህኛው ግን ከጠፍጣፋ ብረት ተቆርጦ ይበየዳል፤ ስለዚህ እንጨት የማይችለውን ጠባብ ጉብታና ጥምዝ በትክክል ያወጣል።

በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ጉብታ ላይ ሲደርሱ የአናቱ ሬዲየስ 41 ሜትር ከሆነ ክብደት የለሽ ይሆናሉ። 20 ሜትር ከሆነ ግን መቀመጫው ከሥርዎ ይሸሻል፤ ጭንዎ ላይ ያለው መያዣም በራስዎ ክብደት ልክ ወደ ታች ይጫንዎታል። ያስነሳዎት ይኸው ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ይቀመጡ፤ የፊቱ ክፍል ቁልቁለቱን ስለጀመረ የኋላው አናቱን የሚያልፈው እየተጎተተ ነውና ይበልጥ ይሰማዎታል።

ጥያቄ፦ የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ አነስተኛ ሮለር ኮስተር በኮምፒውተር መንደፍ አስቤአለሁ። ሐዲዱን ከየት ልጀምር?
*ተማሪ፣ ከባሕር ዳር*

መልስ፦ እህታችን፣ ከሐዲዱ አትጀምሪ። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ መልኩ የሚያምር ሐዲድ ይስሉና የሚያስከትለውን ጫና ኋላ ያሰላሉ።

መጀመሪያ ባቡሩን ወስኚ፦ ስንት ክፍል፣ ስንት ሰው፣ ርዝመቱ ስንት ሜትር። ቀጥሎ በተሳፋሪው ደረት በኩል የሚያልፍ አንድ መስመር አስቢ። በዚያ መስመር ላይ ቀጥ ያለውና የጎን ጫና በየሰከንዱ ምን ያህል እንዲሆን እንደምትፈልጊ በግራፍ ሣዪ። የመስመሩ ቅርጽ ከዚህ ግራፍ ይወጣል፤ ሐዲዱ የሚመጣው በመጨረሻ፣ ከደረት መስመሩ ዝቅ ብሎ ነው። ባቡሩ ሲጠማዘዝ የሚዞረው በሐዲዱ ዙሪያ ከሆነ የተሳፋሪው ጭንቅላት እንደ ጅራፍ ጫፍ ይወረወራል፤ በደረቱ መስመር ዙሪያ ከሆነ ግን ሰውየው ባለበት ይሽከረከራል። ይህን አሠራር ያስፋፋው ጀርመናዊው መሐንዲስ ቬርነር ሽቴንግል ነው።

ሙሉ ዙር መገልበጫ ካለሽ ፍጹም ክብ አታድርጊው። ክብ ላይ ባቡሩ አናቱን ለጥቂት እንዲያልፍ ብቻ ብታደርጊ እንኳ ግርጌው ላይ 6 ጂ ይወጣል፤ ያም ከዝርግ ሐዲድ በድንገት ይመጣል። በ1895 ኮኒ አይላንድ የተሠራው ፍሊፕ ፍላፕ ክብ ስለነበር የሰው አንገት ይጎዳ ነበር። ሽቴንግልና ሮለር ኮስተር ሠሪው አንቶን ሽቫርትስኮፕፍ በ1976 ሪቮሉሽን ለተባለው የካሊፎርኒያ ሮለር ኮስተር የመረጡት ግርጌው ሰፊ፣ አናቱ ጠባብ የሆነ የእንባ ቅርጽ ነው። ኩርባው ቀስ በቀስ ስለሚጠብ ጫናውም ቀስ በቀስ ይመጣል።

ከዚያ ሁለት ጊዜ አስልተሽ ፈትሺው። አንዱ ባዶ ባቡር፣ ብርዳም ጠዋት፣ ከፊት የሚነፍስ ነፋስ ነው። ቅባቱ ይወፍራል፣ ባቡሩ ይዘገያል፤ የመጨረሻውን ጉብታ ማለፍ ካቃተው ሁለት ጉብታ መካከል ይቀራል። ሌላው ሙሉ ባቡር፣ ሞቃት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያኔ ፍጥነቱ ከጠበቅሽው ይበልጣልና ጫናው ከልክ እንዳያልፍ ተመልከቺ። በመካከለኛው ሁኔታ ብቻ የተሰላ ንድፍ ወረቀት ላይ ይሠራል እንጂ ሜዳ ላይ አይሠራም። በመጨረሻ ተሳፋሪው እጁን ዘርግቶ የሚደርስበትን ቦታ ሁሉ በመንገዱ ርዝመት አስሂጂ፤ ምሰሶ ከነካ ምሰሶውን አንቀሳቅሺ። ለልምምድ ኖሊሚትስ 2 የተባለው ፕሮግራም ይበቃሻል።

ጥያቄ፦ ዓይን ላይ የሚደረገው፣ በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም የሚያሳየው የቪአር መነጽር ከመጣ ሐዲዱ ማጠሩ አይቀርም ይባላል። እውነት ነው?
*አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ ተሞክሮ ብዙም አልሰመረም። እንግሊዝ አገር ያለው አልተን ታወርስ ፓርክ በ2016 ጋላክቲካ የተባለ ሮለር ኮስተር በመነጽር ከፈተ፤ በ2018 መነጽሩን አስቀረው። ችግሩ ወረፋው ነው። 24 ሰው የሚይዝ ባቡር በየ72 ሰከንዱ ቢነሳ በሰዓት 1,200 ሰው ይስተናገዳል። መነጽር ለማጥበቅ፣ ለማጽዳትና ለማስተካከል 48 ሰከንድ ብቻ ቢጨመር ቁጥሩ ወደ 720 ይወርዳል። ምስሉ ከሰውነት እንቅስቃሴ በጥቂቱ እንኳ ከዘገየ ደግሞ ያቅለሸልሻል። በፍሎሪዳው የዲዝኒ ፓርክ በኤፕኮት ውስጥ በ2022 የተከፈተው ኮዝሚክ ሪዋይንድ የተሻለ መንገድ ይዟል፦ መቀመጫው ራሱ እየዞረ ተሳፋሪውን ወደ ትዕይንቱ ያዞረዋል። ዓይንና ሰውነት አንድ ነገር ይነግሩታል።

ጥያቄ፦ አዳዲሶቹ ሁሉ በኤሌክትሪክ ማግኔት ይወነጨፋሉ ተብሏል። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋስ?
*አንባቢ፣ ከአዳማ*

መልስ፦ ሐዲዱ ላይ የመዳብ ጥቅልሎች፣ ባቡሩ ሥር ቋሚ ማግኔቶች አሉ፤ ጥቅልሎቹ በየተራ ኤሌክትሪክ ሲያገኙ ባቡሩን ይገፉታል። 10 ቶን ባቡር በ3 ሰከንድ ውስጥ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ለማድረስ በአማካይ 820 ኪሎ ዋት ገደማ ይጠይቃል። ይህን ከመስመሩ በድንገት መሳብ ከባድ ስለሆነ ጉልበቱን ቀስ ብለው የሚያጠራቅሙ መሣሪያዎችን የሚጠቀሙ አሉ።

መብራት ከጠፋ መግፋቱ ይቆማል፤ ባቡሩ ዳገቱን ካላለፈ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ንድፉ ይህን አስቀድሞ ይጠብቃል። የማግኔት ፍሬን ኤሌክትሪክ አይፈልግም፦ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ሰሌዳ በቋሚ ማግኔቶች መካከል ሲያልፍ በራሱ ይያዛል። በብዙዎቹ ላይ ሰሌዳዎቹ ለመወንጨፍ ዝቅ ይላሉ፤ ኃይል ሲቋረጥ ራሳቸው ተመልሰው ይነሳሉ። ይህ ፍሬን ግን ጉድለት አለው፦ ባቡሩ በዘገየ መጠን ጉልበቱ ይደክማል፣ ፈጽሞ አያቆምም። ስለዚህ ጣቢያው አጠገብ የሚጨብጥ ፍሬን ይጨመራል። እርሱም በስፕሪንግ ይዘጋል፣ በአየር ግፊት ይከፈታል፤ አየሩ ቢጠፋ ባቡሩን እንደያዘ ይቀራል። መንገዱም በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ባቡር አይገባም። 3 ባቡር ለማስኬድ ቢያንስ 4 ክፍል ያስፈልጋል፤ አንዱ ሁልጊዜ ባዶ ሆኖ ቀጣዩን ባቡር ይጠብቃል።