ጨረቃ ለምን አትወድቅም?

ጠያቂያችን ያነሱት ነጥብ ሁለት ነው፤ መሬት ጨረቃን የምትስባት ከሆነ ለምን መጥታ አትወድቅብንም፣ ፕላኔቶችስ የሚዞሩት በትክክል የፀሐይን መሃል ነው ወይ? ለዓመታት በትንሽ ቴሌስኮፕ ሰማይን ስከታተል የቆየሁ በመሆኔ፣ ያነበብኩትን ካየሁት ጋር አያይዤ ለመመለስ እሞክራለሁ።

ጨረቃ በእርግጥ ሁልጊዜም እየወደቀች ነው። ስበት በየሰከንዱ 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ መሬት ያወርዳታል፤ በዚያችው ሰከንድ ግን እሷ ወደ ጎን አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። ስበት ባይኖር ቀጥ ብላ ሄዳ ትርቀን ነበር፤ ያቺ ጥቂት ሚሊ ሜትር ግን መንገዷን በየጊዜው ስለምታጎብጠው፣ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ርቃ ስትዞር ትኖራለች። ስበትን የሚያመጣጥን ወደ ውጭ የሚገፋ ኃይል አለ የሚለውን የተለመደ ማብራሪያ እኔ አልወደውም፤ ሁለት ኃይሎች እኩል ቢሳሳቡባት ኖሮ መንገዷ ቀጥ ያለ ይሆን ነበር እንጂ አይጎብጥም ነበር። (በነገራችን ላይ፣ መቅረቧ ቀርቶ በዓመት 3.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ እየራቀችን ነው።)

ይህን በዓይኑ ማየት ለሚሻ ሰው ከጁፒተር የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸው አራቱ ጨረቃዎች እጅ እንዳይንቀጠቀጥ በማቆሚያ ላይ በታሰረ ባይኖኩላር ጭምር ይታያሉ። በቴሌስኮፕ ሲሆን ደግሞ ከአራቱ ለጁፒተር ቅርብ የሆነችው አዮ ከጁፒተር ጠርዝ አጠገብ ባለችበት ምሽት ቦታዋን በወረቀት ላይ ነጥብ አድርጌ፣ ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ተመልሼ ሳይ ክፍተቱ በግልጽ ተለውጦ አገኘዋለሁ፤ ከአራቱ በጣም የራቀችው ካሊስቶ ግን ከቦታዋ የተነቃነቀች አትመስልም። አዮ አንድ ዙር የምትጨርሰው በ1.77 ቀን ሲሆን ካሊስቶ 16.7 ቀን ይፈጅባታል። ከጁፒተር ያላት ርቀት የአዮን 4.5 እጥፍ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ጊዜው ከ9 እጥፍ በላይ የሚሆነው፣ መንገዱ ከመርዘሙ በተጨማሪ ስበቱ እዚያ ስለሚደክምና ፍጥነቷም ዝግ ያለ ስለሆነ ነው። የሥነ ፈለክ ሊቁ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1619 ለፕላኔቶች ያወጣው ሕግ፣ ማለትም የዙሩ ጊዜ ስኩዌር ከአማካይ ርቀቱ ኪዩብ ጋር አብሮ ያድጋል የሚለው፣ እዚህም ሳይዛነፍ ይሠራል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ፣ ፕላኔቶች ፀሐይን ይዞራሉ ማለት ስህተት ባይሆንም ሙሉ አይደለም። ስበት የጋራ ስለሆነ ሁለቱም አካላት የሚዞሩት በመካከላቸው ያለውን የጋራ የሚዛን ነጥብ ነው፤ ነጥቡም ከባዱ ወዳለበት ያጋድላል። የመሬትና የጨረቃ ነጥብ ከመሬት መሃል 4,670 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከእግራችን በታች ይገኛል። የፀሐይና የጁፒተር ግን ከፀሐይ ገጽ ጥቂት ወጣ ብሎ ነው። ፕሉቶና ጨረቃዋ ቻሮን ደግሞ ነጥባቸው ከሁለቱም ውጭ፣ ባዶ ጠፈር ላይ ስለሆነ፣ ማን ማንን ይዞራል ማለት እንኳ ያስቸግራል።

ፀሐይም በዚህ የጋራ ነጥብ ዙሪያ በመዞሯ ትንሽ መወዛወዟ ጥቃቅን ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ እ.ኤ.አ. በ1995፣ “51 ፔጋሲ” የተባለውን ኮከብ የምትዞር ፕላኔት መኖሯን ያወቁት እሷን አይተው አይደለም፤ ኮከቡ በ4.2 ቀን አንድ ጊዜ ወደ እኛና ከእኛ ወዲያ ሲወዛወዝ ብርሃኑ ላይ የሚታየውን ለውጥ ለክተው ነው።