መልስ፦ የእኛ ቡና ለምን 44 ክሮሞዞም ኖረው?

ሰላም ወንድሜ፤ «የጅማ ቡና 44 ክሮሞዞም ሲኖረው ሮቡስታ ለምን 22 ብቻ ሆነ? ይህን ማወቁስ ለገበሬው ምን ይፈይዳል?» ብለህ ጠይቀሃል።

ክሮሞዞም በሕዋስ ውስጥ ዘረመልን የሚሸከም ክር መሰል አካል ነው። የጅማ ቡና አረቢካ የሚባለው ዝርያ ነው፤ አረቢካ ደግሞ የሁለት ዝርያዎች ልጅ ነው። ሮቡስታና ዩጂኒዮይደስ የተባለው የዱር ቡና በተፈጥሮ ተዳቀሉ፤ ልጁም የሁለቱንም 22፣ 22 አንድም ሳይጎድል ይዞ ቀረ። በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረመል ጥናት ይህ የሆነው ከ600 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት እንደሆነ ገምቷል። አዲስ የበቀለ የቡና ሥር ጫፉን ቆርጠህ፣ ቀለም አስነክተህ፣ በሁለት መስታወት መካከል ጨፍልቀህ በማይክሮስኮፕ ብታየው፣ በመከፋፈል ላይ ባለ ሕዋስ ውስጥ 44ቱን እንደ ቁርጥራጭ ክር ተበትነው ታገኛቸዋለህ።

ለገበሬው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አረቢካ ከጥቂት ወላጆች የወረደና ራሱን በራሱ የሚያዳቅል በመሆኑ የዘረመል ብዝኃነቱ ጠባብ ነው፤ አንድ በሽታ ሁሉንም ሊያጠቃ ይችላል። በ1971 እ.ኤ.አ. ፍሬ አጥቋሪው በሽታ ሀገራችን ሲገባ መፍትሔው የተገኘው ከደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ነበር። የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል እንደ 74110 ያሉትን ተቋቋሚ ዝርያዎች መርጦ ያወጣው ከዚያ ከተሰበሰቡ እናት ዛፎች ነው። ስለዚህ የደን ቡናን መንጥሮ አንድ ዝርያ ብቻ ይተከል የሚለውን ሐሳብ በፍጹም አልደግፍም።

ማሳህ ላይ ያለው 74110 ከሆነ ከራሱ ፍሬ ዘር መያዝ ትችላለህ። ሁለት የአረቢካ ዓይነቶች ተዳቅለው ከወጣ ድቅል ዝርያ ፍሬ ግን ችግኝ አታፍላ፤ ልጆቹ እናታቸውን አይመስሉም።